አርባ አንድ ደቂቃ

ኅዳር 12

ጩጬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጽሕፈቴ ተንጋዶ ብታገኘው እንዳትስቅብኝ። ወረቀቱን የቁም ሳጥኑ በር ላይ በፕላስተር ለጥፌ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ ከጻፍኩ ሦስተኛው መስመር ላይ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

«የእህቴን መታመም ከእናታችን አፍ ነው ወይ የምሰማው?» ብለህ ተቆጥተሃል። እውነትህን ነው፤ ይቅር በለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ማቋረጫው ላይ ቆማ ሳለ አንድ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጫት። ግጭት ለማለት እንኳ ያሳፍራል፤ የተሰበረው አንድ የኋላ መብራት ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ተሰዳድበው ታረቁ፤ እኔም በእግሬ ሱቅ ሄጄ እስኪመሽ ሰዓት ስጠግን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከትራስ ቀና ማለት አቃተኝ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ይዞ አሳየኝ፤ አጥንቴ ደህና ነው። «የተጎዳው የአንገትሽ ጅማት ነው» አለኝ፤ «ጭንቅላት ድንገት ወደ ኋላ ተወርውሮ ሲመለስ ጅማቱን ይጎዳዋል፤ እሱን ደግሞ ራጅ አያሳየውም።»

ሰዓት መጠገን ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ የአባታችን ጠረጴዛ ስር ነው ያደግከው። አንገት ሳይታጠፍ የሚጠገን ሰዓት የለም። አሁን ማጉያውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ከሩብ ሰዓት በላይ አልዘልቅም፤ ወረንጦው ከእጄ ይወድቃል። ባለፈው ሳምንት፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰው ሰዓት አበላሸሁ።

እንግዲህ ላውጣው። ካሳ ጠይቄአለሁ። ሕክምናው ስድስት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ የማይሠራ እጅ ይዤ የሱቁን ኪራይ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ካሳው ካልተፈቀደ የአባታችን ሱቅ ይዘጋል። የዳቦው መኪና ኢንሹራንስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ኢንሹራንስ መሃል ያንተው መሥሪያ ቤት ሆኖ ቁጭ አለ።

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ለዚህ ነው። ባለምንጣፏን ታስታውሳታለህ አይደል? አንገቴን ብላ ካሳ የጠየቀችውን፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ለመሥሪያ ቤትህ በድብቅ የቀረጽካትን ልብስ ተኳሽ? እናታችን ቤት ገበታ ላይ ትራስ ተሸክመህ፣ አንገትህን ገትረህ እየተራመድክ ስንት ጊዜ አስቀኸናል! በሚቀጥለው የምትተውነው እኔን መስሎኝ ፈራሁህ። ለመሆኑ ያቺ ሴት ምንጣፉን ካወጣች በኋላ ምን አደረገች?

ታላቅህ


ኅዳር 20

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ነው ያነበብኩት። በጣም አዘንኩ፤ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ፈራሁህ ማለትሽ ነው። ስልክሽን የማላነሳው ወድጄ አይደለም። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ የምንናገረው ሁሉ ይቀዳል። በደብዳቤ ይሁንልን።

ዝምድናችንን ለአለቃዬ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ፤ መዝገብሽ ለሌላ መርማሪ ተላልፏል። ከእንግዲህ መዝገቡን መንካትም ሆነ ስለሱ ላንቺ ሹክ ማለት አልችልም። ስለዚህ ቀጥሎ የምነግርሽን እንደ ወንድም ምክር ቁጠሪልኝ።

ሐኪሙ የአንገት ድጋፍ ካዘዘልሽ ሁልጊዜ አድርጊው። አንድ ቀን አድርገሽ በማግስቱ ከተውሽው ያለቀልሽ ነው። ከፌስታል በላይ አትያዢ፣ ፌስታሉም ቀላል መምሰል አለበት። መንገድ ላይ ሰው ቢጠራሽ ከወገብሽ ዙሪ። ከሰው ጋር ቆመሽ አትሳቂ፤ የሚስቅ ሰው ፊልም ላይ የታመመ አይመስልም። እንዳትቀየሚኝ። እኛ ቢሮ አንገቴን የሚል ሰው ሲመጣ ሥራ የምንጀምረው «ይዋሻል» ብለን ነው። ስንቶቹ እውነታቸውን እንደሆነ ብትጠይቂኝ ቆጥሬ አላውቅም፣ የሚቆጥር ሰውም አላየሁም።

ለእናታችን እንዳትጨነቅ ንገሪልኝ። ስለ ባለምንጣፏ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ጩጬሽ


ታኅሣሥ 3

ጩጬ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩልህ፣ በሁለተኛው ተናደድኩ። ታምሜ ሳለሁ ታማሚ መምሰል ልለማመድ?

ለእናታችን ንገሪልኝ ላልከው፣ እሷ የምትጨነቀው ለሌላ ነገር ነው። እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ የአንገት ድጋፉን ከላዬ ፈትታ ትራስ ስር ትከተዋለች። «አንገቴን አስደፋሽኝ» ትለኛለች፤ እኔ መድፋት ያቃተኝን እሷ እየደፋችልኝ ነው። አንዲት ጎረቤት «ልጅሽ ከመኪና ገንዘብ ልታወጣ ነው አሉ» ካለቻት ወዲህ ገበያ መውጣት ትታለች። ባለመድኃኒቱም ማስታገሻውን ሲሰጠኝ «አንገትሽ ስንት አወጣ?» ብሎ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅኩለት! ለምን እንደሳቅኩለት እስካሁን አልገባኝም። ቤት ስገባ ከሕመሙ ይልቅ ያ ሳቄ አቃጠለኝ።

ጥያቄዬን ደግሞ ዘለልከው። ምንጣፉን ደረጃው ላይ ካወጣች በኋላ ያቺ ሴት ምን አደረገች? ነው ያልኩህ። ሌላ ምንም አላልኩህም። የምጠይቅህ እኔ አሁን ነገሩን ስለማውቀው ነው። ባልዲ ሳነሳ ምንም አይለኝም። ካስቀመጥኩት በኋላ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ከጆሮዬ ኋላ ይጀምረኛል፣ ከዚያ ዓይኔ ይጨልማል፣ ከዚያ መቀመጫ እፈልጋለሁ። አንተ ግን ስታወራልን ታሪኩ ሁልጊዜ የሚያልቀው ምንጣፉ በሩ ጋ ሲደርስ ነው።

ታላቅህ


ታኅሣሥ 11

እትዬ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ። ምንጣፉን አወጣች፣ ከዚያ በኋላ ካሜራውን አጠፋሁት። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ ስለ እሷ ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ከፊታችን ሰኞ እስከ ዓርብ ከሱቅ አትውጪ። ምንም ነገር አታንሺ፣ ወንበርም ቢሆን። ለምን አትበይኝ። ይህን መጻፌ ራሱ ከሥራ የሚያስባርረኝ ነው። ደብዳቤውን ቅደጂው።

ጩጬሽ


ታኅሣሥ 24

ጩጬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። እኔ ሰዓቱን ያነሳሁት ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ሐኪሙ መርፌ ወጋኝ። ማክሰኞ ጠዋት ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገት እንዳለኝ ረስቼ ነቃሁ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም፤ ፊቴን ስታጠብ ዘፈንኩ። ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያን ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሊወስድ መጣ፤ አባታችን በየዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ ዘይት ይቀባው የነበረውን። ሽማግሌው ብቻውን ሲታገል ቆሜ ማየት አልሆነልኝም። አንስቼ መኪናው ላይ ጫንኩለት። «ይኸው ድነሻል!» አለኝ። እኔም አምኜው እየሳቅኩ ሸኘሁት።

በሩን ዘግቼ ዞር ስል ጀመረኝ። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ኋላ ወለሉ ላይ ተኛሁ። የሱቁ ሰዓቶች አንዴ ሲደውሉ ሰማሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሲደውሉ ሰማሁ። እናታችን ምሳ ይዛ መጥታ አገኘችኝ። ቤት ተመልሳ የአንገት ድጋፉን ከትራስ ስር አውጥታ አመጣችና በገዛ እጇ አሰረችልኝ። ከዚያ ወዲህ አልደበቀችውም።

ዛሬ ከመሥሪያ ቤትህ ወረቀት መጣ። የካሳ ኮሚቴው ጥር 28 እንድቀርብ ይጠራኛል፤ «የጠያቂዋን አካላዊ ብቃት የሚያሳይ ፊልም» ደርሶናል ይላል። ማነው የቀረጸኝ? የት ቆሞ? ጉልበቴን ብቻ ነው ያየው ወይስ በሩ ከተዘጋ በኋላም ጠብቋል?

ታላቅህ


ጥር 2

እትዬ፣

የቀረጸሽ እኔ ራሴ ያሠለጠንኩት መርማሪ ነው። ከሱቅሽ ማዶ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ነበር። ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ማየት አልነበረብኝም። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ነው። ሰዓቱን ታነሻለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ በሩን ስትዘጊ ያልቃል። አልጠበቀም። ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ሥልጠና ላይ የመጀመሪያው ትምህርቴ «ሲንቀሳቀሱ አብሩ፣ ሲያርፉ አጥፉ» የሚል ነው። የሚያርፍ ሰው የሚያስረዳው ነገር የለም፣ ባትሪ ይበላል እንጂ እላቸዋለሁ። እነሱም በደብተራቸው ይጽፉታል።

ያን ፊልም ያየ ኮሚቴ ካሳ አይፈቅድልሽም። እንዲህ ያለ ፊልም ቀርቦ ሰው ሲረታ አንድ ቀን አላየሁም። ኮሚቴው ፊት ስትቀርቢ መብራቱን ያጠፉና ያሳዩሻል፤ ሲበራ ሁሉም አንቺን እያየ ነው። ሰው እዚያ ላይ ነው የሚያለቅሰው፣ እንባውም ለውሸታምነቱ ማስረጃ ይሆንበታል።

እትዬ፣ የፊልም ማከማቻው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ፊልም ይጠፋል፤ ከዚህ በፊትም ጠፍቶ ያውቃል። «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺን እንደዚያ ሲያዩሽ ዝም ብዬ አላይም።

ጩጬሽ


ጥር 8

ጩጬ፣

እምቢ።

እስከ ዛሬ የታመመች ሴት ነኝ። ፊልሙ የጠፋ ቀን በእርግጥም አጭበርባሪ እሆናለሁ። ሰው የፈለገውን ይበል፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ ብዬ ነው ሌሊቱን የምተኛው፤ ይህቺን እንኳ አትንጠቀኝ።

ደግሞም ዋሽተኸኛል። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተኝቼ የማደርገው ሳጣ የባለምንጣፏን ቀልድህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስታወስኩት። ገበታ ላይ እንዲህ ትል ነበር፦ «ከአጥር ጥግ ቆሜ፣ ዝናቡ ሲወርድ ጃኬቴን ለካሜራው አልብሼ፣ እኔ በሸሚዝ አርባ አንድ ደቂቃ ስንዘፈዘፍ!» እዚያ ጋ ስትደርስ ነበር ሁላችንም በሳቅ የምንፈርሰው። አብዝቼ የሳቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እንባዬን በነጠላዬ ስጠርግ እናታችን «በቃችሁ» ትለን ነበር።

ምንጣፍ ደረጃ ላይ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አምስት እንበል። የቀረውን ጊዜ ምን እያየህ ነው የተዘፈዘፍከው? የጠፋ ካሜራስ ማን ጃኬት ያለብሰዋል?

ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቅሃለሁ። ምን አደረገች?

ታላቅህ


ጥር 15

እትዬ፣

አራት ቀን እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ምንጣፉን በሩ ጋ ጣለችውና የመጨረሻው እርከን ላይ ቁጭ አለች። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ከለቀቀችው የሚወድቅ ይመስል። ዝናቡ ይወርድባታል። በሩ ከሷ ሦስት እርምጃ ነው፤ ልትነሳ ሁለት ጊዜ ሞክራ አልቻለችም። አንዴ አስመለሳት። እኔ ለሥራው አዲስ ነበርኩ፣ ካሜራ ይጠፋል የሚል ነገር ትዝም አላለኝ፤ መንገዱ ማዶ ደንግጬ ቆሜ ቀረሁ። አምስት ደቂቃ ተሸክማ፣ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ተቀምጣ ነው። አለቃዬ አይቶት «አምስቷ ትበቃናለች፤ ቀሪው ምንም የለበትም፣ ሰው ተቀምጧል» አለኝ። ቆረጥነው። እሷ ካሳዋን ተከለከለች፣ እኔ እድገት አገኘሁ። ያቺን «ሲያርፉ አጥፉ» የምትል ሕግ ያወጣኋት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር ማየት አልፈለግኩም።

ለእናንተ ቀልድ አድርጌ ያወራሁት ለምን እንደሆነ ጠይቂኝ። ስትስቁልኝ ልክ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው ደጋግሜ የማወራው።

ሙሉው ፊልም እኔ ቤት አለ። እንዳጠፋው ታዝዤ ነበር፣ አላጠፋሁትም። አራት ዓመት ሙሉ ጫማ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ ቤት ስቀይር እንኳ ካርቶኑን ሳልከፍተው ነው ይዤው የምዞረው። ኮሚቴው ይህን ካየ ፊልሞቻችን እንዴት እንደሚቆረጡ ይገባዋል፣ ያንቺንም አይቀበለውም። እኔ ግን አለቀልኝ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም። በጣም ፈርቻለሁ። ላንቺ ልላክልሽ?

ጩጬሽ


ጥር 18

ጩጬ፣

ለእኔ እንዳትልከው፣ የእኔ አይደለም። መጀመሪያ ለእሷ ውሰድላት። ኮሚቴው ይየው ወይስ አይየው የምትለው እሷ ናት። ማንም አይየኝ ካለች እኔም ያለሱ እቀርባለሁ፤ ሱቁም ከተዘጋ ይዘጋ።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ባለምንጣፏ አንበላት።

ፈርቻለሁ ላልከው፣ ፍራ። ፈርተህም ቢሆን በእግርህ መሄድ ትችላለህ። አንተን ሳሳድግ አንድ ቀን ሳልፈራ ያደርኩ ይመስልሃል?

ታላቅህ


ጥር 25

እትዬ፣

ሄድኩ። ቤቷ ያው ነው፣ የበሩ ቀለም ተላልጧል እንጂ። ደረጃውን ስወጣ እርከኖቹን ስቆጥር ራሴን ያዝኩት፤ አሥራ አራት ናቸው።

ራሷ ናት የከፈተችልኝ። ከውስጥ አንድ ሰው ሲጠራት መልስ ለመስጠት ስትዞር ከወገቧ ነው የዞረችው፤ አንገቷ አልዞረም። አራት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖራለች ማለት ነው፣ እትዬ፣ ማንም ሳይቀርጻት። «እንተዋወቃለን?» አለችኝ። «እኔ አውቅዎታለሁ» አልኳት። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፣ አለቃዬን ሳላሳብብ። ያንቺንም ጉዳይ አልደበቅኳትም።

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። ፊልሙን ከእጄ ወሰደች። ቅጂውን ለኮሚቴው ልስጠው ወይ ስላት «ስጥ» ብላኝ በሩን ዘጋችው። በቃ። ለምን አልተቆጣችኝም? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ቅጂውን ትናንት አስገባሁ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬ ቁልፉንም ስልኩንም ተቀበለኝ። እንግዲህ በነጻነት ልደውልልሽ እችል ነበር፣ ስልክ ቢኖረኝ።

ጩጬሽ


ጥር 30

ጩጬ፣

መጀመሪያ ተንፍስ። ሱቁ አይዘጋም።

እናታችን የአንገት ድጋፉን በሰማያዊ ጨርቅ ለብጣልኝ፣ «ከቀሚስሽ ጋር ይሂድ» ብላ አብራኝ መጣች። መንገድ ላይ ያቺን ጎረቤት ስናገኝ ቀድማ ሰላም ያለቻት እሷ ናት። ኮሚቴው ሁለቱንም ፊልም አየ። ሊቀመንበሯ ያን ያሠለጠንከውን መርማሪ «ሰዓቱን ካስቀመጠች በኋላስ?» አለችው። «ካሜራውን አጠፋሁ።» «ለምን?» «እንደዚያ ነው የተማርነው።» ማን እንዳስተማረው ስትጠይቀው መሬት መሬት እያየ ያንተን ስም ጠራ። ፊልሜን ከመዝገቡ አወጡት፤ በሐኪሙ ማስረጃ ብቻ ወስነው ካሳውን ፈቀዱልኝ። የእሷም መዝገብ እንደገና ይከፈታል። አንተም ሥራ እስክታገኝ የአባታችን ወንበር ባዶ ነው። የሚታጠፍ አንገት ያለው ሰው ያስፈልገኛል፤ ቁጣዬን ትችለዋለህ።

አሁን ስለ እሷ። መጥታ ነበር። ሳላውቃት አጠገቤ ተቀመጠች። ሰላም ልንባባል ስንል ሁለታችንም ከወገባችን ዞርን፤ ያኔ አወቅኳት። ሳቅን፤ ሳቁም ሁለታችንን አመመን።

ለምን አልተቆጣችኝም ብለሃል። ባሏና ልጆቿ አራት ዓመት አላመኗትም። አመመኝ ባለች ቁጥር «ፊልም ላይ አይተንሽ የለ?» ይሏት ነበር። በሩን ከዘጋችብህ በኋላ ሰብስባ አስቀመጠቻቸው። ምንጣፉን የተሸከመችበትን አሳለፈችና የተቀመጠችበትን፣ ሠላሳ ስድስቱንም ደቂቃ፣ አሳየቻቸው፤ ማንም እንዳይነሳ ከልክላ። ሲያልቅ ባሏ ያንን ምንጣፍ ከሳሎኑ ጠቅልሎ ከቤት አወጣው።

እኔ ምስጋና የምትልክልህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ «ያን ቀን ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ለካ ሰው ነበረ። እዚያ አጥር ጥግ ቆሞ ያየኝ ነበር። እስቲ ወንድምሽን ጠይቂልኝ፤ ያን ሁሉ ደቂቃ፣ መንገዱን ለምን አልተሻገረም?»

እጠይቅልሻለሁ አልኳት፤ ይኸው ጠየቅኩህ። መልሱን ለእኔ አትጻፍ። ቤቷን ታውቀዋለህ።

ታላቅህ